ከሐዲዱ ማዶ

ላስ ቬጋስን በአካል ያልረገጠ ሰው እንኳ መልኳን ያውቀዋል። መብራቷ፣ የመዋኛ ገንዳዋ፣ ላባ ደፍተው የሚደንሱት ሴቶቿ በፊልምም በፖስትካርድም ዓለምን አዳርሰዋል። ይህ ደግሞ ታስቦበት የተሠራ ሥራ ነው። በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ፣ በበጋ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ወዲያ የሚዘልቅ የበረሃ ከተማ እንግዳ ካልመጣላት ጦሟን ታድራለች። ስለዚህ በ1940ዎቹ መጨረሻ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ላስ ቬጋስ ኒውስ ቢሮ የተባለ የማስታወቂያ ተቋም ተመሥርቶ ፎቶግራፍ አንሺዎች ተቀጠሩ።

ሥራቸውን አሳምረው ሠሩት። ሳንድስ ሆቴል ገንዳ ውስጥ የቁማር ጠረጴዛ አንሳፍፈው፣ በመዋኛ ልብስ ከበው የሚጫወቱ ሰዎችን አነሱ፤ ያ ፎቶ በ1950ዎቹ ብዙ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በኔቫዳ በረሃ ይካሄድ የነበረውን የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ ሳይቀር ከመሀል ከተማው ሆነው እያነሱ ለቱሪስት መሳቢያ አደረጉት። ከየግዛቱ የመጣውን ተራ ጎብኚም አልተዉትም፤ በመዝናናት ላይ እንዳለ ያነሱትና ፎቶውን ለትውልድ ከተማው ጋዜጣ ይልኩታል። ጎረቤቱ ያይና ይቀናል፤ በሚቀጥለው ዓመት እሱም ይመጣል።

ከነዚህ ፎቶዎች ውስጥ የጎደለው አልጋውን ያነጠፈችው፣ ሳህኑን ያጠበው፣ ሻንጣውን የተሸከመው ሰው ነው። ያ ሰው በአብዛኛው ጥቁር ነበር፤ ሥራውን ሲጨርስ የሚገባውም ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ወዳለው ዌስትሳይድ ነው። የዚያን ሰፈር ፎቶዎች ለማየት የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ላስ ቬጋስ ቤተ መዛግብት ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። በድረ ገጹ በኩልም ብዙዎቹን ማየት ይቻላል።

ፎቶዎቹን ለማንበብ ግን መጀመሪያ ሐዲዱን ማወቅ ይገባል። የባቡር ኩባንያው በሜይ 15 ቀን 1905 ከሐዲዱ በስተምሥራቅ ያለውን መሬት በጨረታ ሸጠ፤ የዛሬው መሀል ከተማ የተነሣው ከዚያ ነው። ከሐዲዱ በስተምዕራብ ማክዊሊያምስ የሚባል ቀያሽ ቀድሞ የሸነሸነው ሰፈር ነበር፤ ውሃውም ገንዘቡም ወደ ምሥራቁ ሲሄድ እሱ የድንኳንና የጭቃ ሰፈር ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ አካባቢ ጥቁሮች መሀል ከተማው ውስጥ ከሌላው ጋር ተቀላቅለው ይኖሩ፣ ይነግዱም ነበር። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ግን የከተማው አስተዳደር «ፈቃድህ እንዲታደስልህ ከፈለግህ ወደ ዌስትሳይድ ሂድ» እያለ ነጋዴዎቹን ገፋቸው። ሁቨር ግድብ ሲሠራ ከተቀጠሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች መካከል ጥቁሮቹ እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ እነሱም ለሠራተኛው ተብላ በተሠራችው ቦልደር ሲቲ መኖር አልተፈቀደላቸውም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ከላስ ቬጋስ ወጣ ብሎ ቤዚክ ማግኒዚየም የተባለ ግዙፍ ፋብሪካ ተከፈተ፤ ሰው ጠፋ፤ ከአርካንሳሷ ፎርዳይስና ከሉዊዚያናዋ ታሉላ ጥቁር ቤተሰቦች የጥጥ እርሻውንና የእንጨት መሰንጠቂያውን ትተው ጎረፉ። ጦርነቱ ሲያበቃ ሆቴሎቹ ተቀበሏቸው፤ በጓሮ በር። ዌስትሳይድ ግን ከጦርነቱ በኋላም ለዓመታት አስፋልት አላየም። ከደቡብ የሸሹት ሰዎች የሸሹትን ነገር እዚህም ስላገኙት ኔቫዳን «የምዕራቡ ሚሲሲፒ» ብለው ጠሯት።

ናት ኪንግ ኮልና ሳሚ ዴቪስ ጁኒየር ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖ ጎዳና ሆቴሎች መድረክ ላይ ዘፍነው፣ ተጨብጭቦላቸው፣ ማታ አልጋ የሚፈልጉት ሐዲዱን ተሻግረው ነበር። ኤፍ ጎዳና ላይ ሚስዝ ሃሪሰን ታከራየው የነበረው ቤት ከእነዚህ ማረፊያዎች አንዱ ነው፤ ዛሬ በቅርስነት ተመዝግቧል። ጃክሰን ጎዳና ላይ ደግሞ ታውን ታቨርን፣ ብራውን ደርቢ፣ ኤል ሞሮኮ የተባሉ ክለቦች እስኪነጋ ይደምቁ ነበር። ኒውስ ቢሮ ለጋዜጣ የሚልከው እንዲህ ያለውን ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ክሊንተን ራይት ይመጣል። ራይት በ1960ዎቹ ለላስ ቬጋስ ቮይስ ጋዜጣ ፎቶ ያነሣ ነበር። ጋዜጣውን የመሠረቱት ዶክተር ቻርልስ ዌስት የከተማዋ የመጀመሪያው ጥቁር ሐኪም ናቸው። ራይት ያነሣው ሰፈሩ «ና አንሣልን» ያለውን ነው፤ ሠርግ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ፣ የፋሽን ትርኢት፣ አዲስ የተከፈተ ሱቅ፣ የመራጮች ምዝገባ፣ ስብሰባ፣ ሰልፍ። ካሜራ ፊት የቆመው ሰው አይሽቆጠቆጥም፤ አንሺውን ያውቀዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ራሱን ጋዜጣ ላይ እንደሚያይም ያውቃል። በእኔ ግምት የራይት ፎቶዎች ስብስብ ትልቁ ሀብት ይኸው ነው። ከውጭ የመጣ ጋዜጠኛ በድሃ ሰፈር የሚያነሣው ፎቶ ውስጥ አንድ የተለመደ የዓይን አቅጣጫ አለ፤ ሰውየው ወይ መሬት ያያል ወይ ጎን። የራይት ሰዎች ሌንሱን ፊት ለፊት ያዩታል።

በቤተ መዛግብት ሥራ እንዲህ ያለ ስብስብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈትነው በየርዕሱ መመደብ ነው። «የማኅበረሰብ ኑሮ» አንድ ሣጥን፣ «ተቃውሞ» ሌላ ሣጥን። ለፈላጊ ይመቻል፤ ታሪኩን ግን ይበጥሰዋል። ባለሙያዎች የተለየ ምክንያት ከሌለ የፎቶ አንሺውን ቅደም ተከተል እንዳለ ለመጠበቅ የሚጨነቁትም ለዚህ ነው። የ35 ሚሊ ሜትር ነጋቲቭ ጠርዙ ላይ ፋብሪካው ያተመው ቁጥር አለ፤ አንድ ጥቅል እስከ 36 ምስል ይይዛል። ጥቅሉ በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ በጥቃቅኑ ሲታተም ኮንታክት ሺት ይባላል። የትንሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ፊልም ስለማያባክን ቅዳሜ ሠርግ አንሥቶ የተረፈውን ሰኞ ለስብሰባ ሊያውለው ይችላል። ኮንታክት ሺት ላይ በተራ ሲታይ ቁጥር 14 ላይ ሙሽራዋን ያጀበችው ሴት ቁጥር 22 ላይ ምን እያደረገች እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። ነጋቲቩ ተቆራርጦ በየርዕሱ ከተበተነ ግን ያ ጥያቄ ራሱ አይነሣም።

ዌስትሳይድን በተመለከተ ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ የተቃውሞው ሥር እዚያ ነው። በ1955 የተከፈተውን ሙላን ሩዥ ሆቴል እንውሰድ። በከተማዋ ነጭና ጥቁር እንግዶች አብረው የሚያድሩበትና የሚጫወቱበት የመጀመሪያው ትልቅ ካዚኖ ነበር፤ በሜይ ተከፈተ፣ በጁን ዳንሰኞቹ የላይፍ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጡ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ተዘጋ። ሽፋኑን የሚያይ ሰው እግር የሚያነሡ ቆንጆ ሴቶችን ያያል። በዚያ ጊዜ ግን የጥቁር ሴቶች የዳንስ ቡድን በላስ ቬጋስ በፊት በር ገብቶ ሲሠራ መታየቱ ራሱ ትልቅ ክርክር ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በማርች 1960፣ ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. የተባለው የጥቁሮች መብት ድርጅት የአካባቢው ሊቀ መንበር የጥርስ ሐኪሙ ጄምስ ማክሚላን ለከተማው ከንቲባ ደብዳቤ ጻፉ። እስከ ማርች 26 ሆቴሎቹ ጥቁሮችን ማስተናገድ ካልጀመሩ ስትሪፕ ላይ ሰልፍ ይወጣል የሚል ነው። ካዚኖ ባለቤቶቹን ያስጨነቃቸው የጥቁሮች ብዛት አልነበረም። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ በግሪንስቦሮ ከተማ ነጮችን ብቻ በሚያስተናግድ የምግብ መሸጫ ቤት ውስጥ ተቀምጠው አንነሣም ያሉት ተማሪዎች ፎቶ አገር አዳርሶ ነበር። ስትሪፕ ላይ ፖሊስ ሰልፈኛ ሲደበድብ የሚያሳይ አንድ ፎቶ፣ ኒውስ ቢሮ ዓመታት ለፍቶ ያሳመረውን መልክ በአንድ ቀን ያበላሸዋል። ማክሚላን የመቱት የሚያምበትን ቦታ አውቀው ነው። የላስ ቬጋስ ሰን ጋዜጣ አሳታሚ ሃንክ ግሪንስፐን በሽምግልና ገቡበትና በቀነ ገደቡ ዕለት፣ ተዘግቶ በቆየው በዚያው ሙላን ሩዥ ስምምነቱ ታወጀ። ሰልፉ ቀረ።

በመሆኑም ከዚያ ቀን የቀረው ፎቶ ጠረጴዛ ከበው የተቀመጡ ሰዎችን የሚያሳይ ነው። መፈክር የለም፣ የሚጮህ የለም፣ ፖሊስ የለም። «ተቃውሞ» የሚል ርዕስ ሰጥቶ የሚፈልግ ሰው ገልብጦት ያልፋል። ላስ ቬጋስ ካየቻቸው ተቃውሞዎች በጣም የተሳካው፣ ሰልፈኛ የሌለበት ፎቶ ነው ያለው።

የስምምነቱ ትርጉም ግን እንዳይጋነን። ጥቁር ሰው እንግዳ ሆኖ መግባት ቻለ፤ ካርታ አዳይ ወይም ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ መቀጠር ግን ገና ነበር። በኦክቶበር 1969 ዌስትሳይድ ውስጥ ሁከት ተነሣ፣ ሰውም ሞተ፣ ሰዓት እላፊም ታወጀ። የዚያን ጊዜ ሰፈሩን የማያውቁት የጋዜጣ ካሜራዎች ሁሉ ሐዲዱን ተሻገሩ። ያነሱት ጭስና የጦር መሣሪያ ነው፤ ለብዙ አንባቢ ዌስትሳይድ ማለት ያ ብቻ ሆኖ ቀረ። በሆቴሎቹ ቅጥር ላይ የፌዴራል መንግሥቱ ክስ መሥርቶ፣ ሆቴሎቹና የሠራተኛ ማኅበራቱ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት እጅ የሰጡት በ1971 ነው።

1971 ሌላም ነገር ያመጣ ዓመት ነው፤ ይህኛውን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል።

ሩቢ ደንከን በ1932 ታሉላ አጠገብ ተወልደው በልጅነታቸው ጥጥ ለቅመዋል፤ በ1952 ላስ ቬጋስ መጡ። ሰባት ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸው። ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሲሠሩ ወለሉ ላይ የፈሰሰ የምግብ ዘይት አዳልጧቸው ወደቁና ለከባድ ሥራ የማይሆን ጉዳት ደረሰባቸው፤ ድጎማ ተቀባይ ሆኑ። የድጎማው መሥሪያ ቤት ድጎማ የሚቀበሉ እናቶችን የስፌት ሥልጠና ያስገባ ነበር። እናቶቹ እዚያ፣ ከስፌት መኪናው ፊት ተቀምጠው፣ ስለ ልጆቻቸው ጫማ፣ ስለማይበቃው ገንዘብ፣ ቤታቸው ድረስ መጥቶ አልጋ ሥር ስለሚፈትሸው የመንግሥት ሠራተኛ አወሩ። የክላርክ ካውንቲ የድጎማ መብት ድርጅት ከዚያ ወሬ ተወለደ። የዚያን ክፍል ፎቶ ያገኘ ሰው ጎንበስ ብለው የሚሰፉ ሴቶችን አይቶ፣ ያለ ጥርጥር «የማኅበረሰብ ኑሮ» ከሚለው ሣጥን ይከተዋል።

በ1971 መግቢያ የኔቫዳ የድጎማ ኃላፊ ጆርጅ ሚለር «ማጭበርበር ተገኝቷል» ብሎ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ድጎማ አቋረጠ ወይም ቀነሰ። ማንም ተጠርቶ አልተጠየቀም። ደንከንና ባልደረቦቻቸው የመረጡት ቦታ የመሥሪያ ቤቱን ደጅ አልነበረም፤ ስትሪፕን ነበር። ማርች 6 ቀን ሰልፉ ወጣ። ከማርቲን ሉተር ኪንግ በኋላ የኪንግን የመብት ድርጅት የመሩት ራልፍ አበርናቲ፣ የብሔራዊ የድጎማ መብት ድርጅት መሪው ጆርጅ ዋይሊና ተዋናይቷ ጄን ፎንዳ ከፊት ተሰልፈዋል። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ እየዘመረ ሲዘር ፓላስ ገባ። በሮማ ቤተ መንግሥት አምሳል የተሠራው ያ ሆቴል፣ ቅርጻ ቅርጹና ምንጣፉ ሁሉ፣ ኑሮ ከብዶት የማያውቅ ሰው ዓለም ተደርጎ የታሰበ ነው። እዚያ መሀል ልጅ ያዘሉና ያስከተሉ እናቶች ገብተው ቁማሩን አስቆሙት።

የዚያን ቀን ፎቶዎች ሲያዩ ከፊት ረድፍ ያሉትን ዝነኞች አይቶ ማለፍ ቀላል ነው፤ ጋዜጦቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። እናቶቹ ጄን ፎንዳን የፈለጓት ካሜራ እንደምትስብ ስላወቁ ነው፤ የኒውስ ቢሮን ዘዴ ለራሳቸው ተጠቀሙበት። ስለዚህ ዓይንን ከሁለተኛው ረድፍ ወደ ኋላ መስደድ ነው። ያን ጊዜ የምታዩት የሆቴል ክፍል አጽጂዎችን፣ ሳህን አጣቢዎችን፣ የመዘምራን አባላትን፣ የራይት ካሜራ በሌላ ቀን በሌላ ልብስ ያነሣውን ዓይነት ሰው ነው። ብዙዎቹ ያንን ስትሪፕ በጓሮው በኩል ጠንቅቀው ያውቁታል፤ በመሀል አስፋልቱ ላይ የሄዱት ግን ያን ቀን ነው።

በሳምንቱ ደግመው ወጡ፣ መንገድ ላይ ተቀመጡ፣ ታሰሩ። በዚያው ወር የፌዴራል ዳኛው ሮጀር ፎሊ ስቴቱ ሰዎቹን ሳይሰማ ድጎማቸውን ማቋረጡ ሕገ ወጥ ነው ብለው እንዲመለስላቸው አዘዙ። ሌላ ጊዜ ደግሞ እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ስታርደስት ሆቴል ምግብ ቤት ገብተው፣ አዝዘው፣ አብልተው «ሒሳቡን ለስቴቱ ድጎማ ቢሮ ላኩት» ያሉበት ቀን አለ። ይህን ማን ጠቢብ የቤተ መዛግብት ባለሙያ «ኑሮ» ነው «ተቃውሞ» ነው ብሎ ይመድበዋል? ልጅ እራት እየበላ ነው፤ በቃ።

ከ1972 ጀምሮ እነዚሁ ሴቶች ጃክሰን ጎዳና ላይ ተዘግቶ የነበረውን ኮቭ ሆቴል ይዘው ኦፕሬሽን ላይፍ የተባለ ድርጅት መሠረቱ። የሕፃናት ክሊኒክ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሥራ ሥልጠና ከፈቱ፤ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል አስተዳደሩት። ፎቶዎቹ እንግዲህ ወደ ተራ ነገር ይመለሳሉ፤ መጽሐፍ መደርደሪያ፣ ክብደቱ የሚለካ ሕፃን፣ ቢሮ። ከሲዘር ፓላስ ምንጣፍ ጋር ጎን ለጎን ካልተቀመጡ ማንም ሰው ሁለቴ አያያቸውም።

ይህ ሁሉ ግን የሚሆነው ፊልሙ ሲተርፍ ነው። የዚያ ዘመን ነጋቲቭ አብዛኛው አሲቴት በተባለ ፕላስቲክ ላይ የተሠራ ነው። አሲቴት ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ይፈርሳል፤ ሲፈርስ አሲቲክ አሲድ ይለቃል፣ ሣጥኑ ሲከፈት የኮምጣጤ ሽታ ይመታል። የወጣው አሲድ ደግሞ ማፍረሱን ያፋጥነዋል፤ አጠገቡ ያለውንም ፊልም ይበክላል። ፊልሙ ይጨማደዳል፣ ምስሉ የተሣለበት ስስ ሽፋን ከሥሩ ይላቀቃል። የበረሃ ደረቅ አየር ከሻጋታ ያድናል፤ በዚህ በኩል ላስ ቬጋስ ከብዙ ከተማ ትሻላለች። ሙቀቱ ግን ጠላት ነው። በበጋ የላስ ቬጋስ ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠ ካርቶን ከውጭው አየር የባሰ ይግላል፤ የቤተሰብ ፎቶም ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስሉ ብር ስለሆነ በደንብ ከታጠበ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል። የ1970ዎቹ የቀለም ፎቶ በአንጻሩ ጨለማ ውስጥ እያለም ይደበዝዛል፤ በዚያ ዘመን ብዙ አልበሞች ውስጥ ሁሉም ነገር ቀይ ቀይ የሚለው ሌሎቹ ቀለሞች ቀድመው ስለሞቱ ነው። ቤተ መዛግብት ፊልምን ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የሚያስቀምጡት፣ ፎቶውንም አሲድ በሌለበት ወረቀት የሚሸፍኑት ይህን ለማዘግየት ነው። ማዘግየት እንጂ ማስቆም አይቻልም።

ኬሚስትሪው የማይነካው ሌላ ጥፋት ደግሞ አለ፤ ስም መጥፋት። ከ2012 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ከከተማው ሌሎች ተቋማት ጋር ሆኖ የላስ ቬጋስ ጥቁር አሜሪካውያንን ፎቶና የቃል ታሪክ አንድ ላይ ሲያሰባስብ፣ ከአረጋውያኑ የሚፈለገው ዋናው ነገር ፎቶ ውስጥ ያለው ሰው ማን እንደሆነ መናገራቸው ነው። ፎቶው ኖሮ ስሙ ከሌለ «ያልታወቀች ሴት፣ ዌስትሳይድ፣ 1960ዎቹ» ተብሎ ይመዘገባል።

ያች ሰፈር ዛሬም ዝም አላለችም። በ2008 የአውራ ጎዳና ማስፋፊያ ኤፍ ጎዳናን ሲዘጋው ነዋሪው ተነሣ፤ ድሮ ሐዲዱ እንዴት እንደለያቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ስብሰባ፣ ሰልፍ፣ ክስ ቀጠለ፤ መንገዱ በ2014 መጨረሻ ተከፈተ።

ይህን ምዕራፍ ለአማርኛ አንባቢ መጻፌ ያለምክንያት አይደለም። ላስ ቬጋስ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠር ኢትዮጵያዊ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ ክላርክ ካውንቲ በ2023 አንዱን አካባቢዋን «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሟል። ወገኖቻችን ታክሲ ይነዳሉ፣ ካርታ ያድላሉ፣ ሆቴል ክፍል ያጸዳሉ። ካርታ የሚያድል ኢትዮጵያዊ የቆመበት ጠረጴዛ ለጥቁር ሰው የተከፈተው በ1971ዱ ስምምነት ነው። ብዙዎቻችን አባል የሆንንበት የሆቴልና የምግብ ሠራተኞች ማኅበር፣ ሎካል 226፣ ከ1990 ጀምሮ ለዓመታት የተመራው ከአላባማ በመጡ ጥቁር የክፍል አጽጂ፣ በሃቲ ካንቲ ነው። በእሳቸው ዘመን የተጀመረው የፍሮንቲየር ሆቴል የሥራ ማቆም አድማ ከ1991 እስከ 1998 ድረስ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው ያበቃው። በዚያ ሁሉ ጊዜ አድማውን ጥሎ ወደ ሥራ የተመለሰ አንድ ሰው የለም።

እኛም በዚያች በረሃ ውስጥ ጥምቀት እናከብራለን፣ እድር አለን፣ ሠርግ እንደግሳለን፣ ሰልፍ እንወጣለን። ፎቶው ሞልቷል፤ የድሮው አልበም ውስጥ፣ ያሁኑ ስልክ ውስጥ። እባክዎ ካርቶኑን ከጋራዥ አውጥተው ቤት ውስጥ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስገቡት። የኮምጣጤ ሽታ ያለውን ፊልም ከሌላው ይለዩት። የእድሩን ፎቶና የሰልፉን ፎቶ አይነጣጥሏቸው። ከኋላው በለስላሳ እርሳስ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጻፉበት። በስክሪብቶ አይጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ዘልቆ ምስሉን ያበላሸዋል።